የሙሴ ኮርቢኖ ፉጨት

ባለፈው ሐሙስ ጋዜጣው ስለ ሙሴ አንሴልም ኮርቢኖ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈ። የጻፋቸው ጭውውቶች፣ ያዘጋጃቸው ስልሳ ሁለት ትርኢቶች፣ ባርኔጣው፣ ጢሙ፣ የውሻው ስም ሳይቀር አለበት። የውሻው ስም ፖምፖን ነው። የእኔ ስም የለበትም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነኝና ሁለት ጊዜ ማንበብ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ክረምት ብቻ ስለሆነ አጻጻፌ ካላማረ አንባቢ ይታገሰኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ስሜ ጉልቨን ለቢያን ነው፣ የብሬታኝ ባሕር ዳርቻ ሰው። ዘጠኝ ዓመት በሸራ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ የመርከብ ምሰሶ ወደቀብኝና ወደ ፓሪስ መጣሁ። የፓሪስ ቲያትር ቤቶች መርከበኛ ይወዳሉ፤ ቋጠሮ እናውቃለን፣ ከፍታ አንፈራም። ቮሊየር የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ቀጠረኝና ከመድረኩ በላይ ባለው ቆጥ ላይ እንደ ዶሮ ሰፍሬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። የተሳሉትን ሸራዎች፣ ጨረቃውን፣ ደመናውን የምናወርደውና የምናነሳው እኛ ነን። የምናወርድበትን ነገር በስሙ አልጠራውም። በእኛ ቤት ያን ቃል የጠራ ሰው መከራ ይጠራል። ክር እንለዋለን፤ ወረቀት ላይም ክር ነው።

ሙሴ ኮርቢኖ ወደ ቮሊየር የመጣው ታላቁ ኤግዚቢሽን ፓሪስ ላይ በተከፈተበት ዓመት ነው። ቀጭን፣ ጥቁር ለባሽ፣ ብብቱ ሥር ወፍራም ጽሑፍ የያዘ ሰው ነበር። ጽሑፉ ባለ አምስት ክፍል አሳዛኝ ተውኔት ነው፣ በግጥም። ሊሞዥ በምትባለው በትውልድ ከተማው አሳይቶት ሕዝቡ ሁለተኛው ክፍል ላይ በፉጨት አባሮታል። በእኛ አገር ተመልካች ሲወድ ያጨበጭባል፣ ሲጠላ ያፏጫል። በፉጨት የተባረረ ጸሐፊ ደግሞ በዱላ ከተባረረ ይብሳል፤ ዱላው ሲሽር ፉጨቱ ጆሮ ውስጥ ይቀራል።

የአዳራሹ ባለቤት ማዳም ሩሳር ጽሑፉን አልከፈቱትም። በእጃቸው መዘኑት።

«ስንት ሰው ይሞታል?» አሉት።

«ሰባት፣ ማዳም።»

«የእኔ ደንበኛ ቢራውን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲሞት እያየ ቢራው ይሞቅበታል። ሰባቱንም አድንልኝና ሰኞ ተመለስ።»

ሰኞ ተመለሰ። ሰባቱም ድነዋል። የተውኔቱ መበለት ብስክሌት ትነዳለች።

እንዲህ ጀመረ። ሥራ ያውቅ ነበር፤ ይህን አልክደውም። ቀልዱን ጽፎ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያነበው ለካፖርት ጠባቂዋ ነው። ማቲልድ የምትባል፣ እግሯን ሁልጊዜ የሚያማት ሴት ነበረች። ማቲልድ ከሳቀች ቀልዱ ይቆያል፤ «እህ» ካለች ይሰርዘዋል። ልምምድ ላይ እጅግ ርካሹ ሰገነት፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና «አልሰማሁም። አሁንም አልሰማሁም። እመቤቴ፣ የምትናዘዢው ለቄስ ነው ለእኔ?» እያለ ተዋናዮቹን ያቃጥላቸዋል።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ደስ ሲለው ያፏጫል። ሳያውቀው ነው የሚያመልጠው።

መድረክ አካባቢ ማፏጨት ክልክል ነው፣ ለቀልድ የተከለከለ ግን አይደለም። የቆጥ ሰዎች የምንነጋገረው በፉጨት ነው፤ ከመርከብ ያመጣነው ልማድ ነው። አንድ ረጅም ከሆነ አውርድ፣ ሁለት አጭር ከሆነ አንሳ ማለት ነው። ፉጨት የሰማ የቆጥ ሰው ማን አፏጨ ብሎ አይጠይቅም፤ ይለቃል። መርከብ ላይ የጠየቀ ሰው ሌላውን ያሰምጣል። ስለዚህ ታች ሆኖ ያፏጨ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መንገድ ይወጣና በሩን አንኳኩቶ ይቅርታ ለምኖ ይገባል። ሙሴ ኮርቢኖ ስንት ጊዜ እንደወጣ እንጃ። በራችን ላይ ለውዝ ቆልታ የምትሸጠው ሴትዮ «ዛሬም ደስ ብሎህ ነው?» ትለው ነበር።

የመጀመሪያው ሙሉ ትርኢቱ «ሰማይ ይከራያል» ይባላል። መጨረሻው ላይ የአማልክት ንጉሥ በደመና ተቀምጦ ይወርዳል። ንጉሡ ባርናቤ ነው፤ ድምፁ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ሆዱ የወይን በርሜል። መሰላል ስለማይችል መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ደመናው ላይ ጭነነው ወደ ላይ እንስበዋለን፤ እዚያው ከጎኔ ተንጠልጥሎ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ስለሚርበው ቋሊማና ዳቦ ይዞ ይወጣል።

ያን ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ ስምንት መቶ ሰው። መሐል ላይ ሊዮንቲን የምትባል ወጣት ዘፋኝ ብቻዋን ወጣች። ሙሴ ኮርቢኖ ከዚያ ከተባረረው ተውኔቱ አንዲት እንባ አስቀርቶ ነበር፤ ማዳም ሩሳርን ለምኖ የአሳ አጥማጅ ሚስት ዘፈን አድርጎ አስገባት። ሊዮንቲን ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ሆና ስትዘፍን አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሥጋ ሻጭ በመሐረቡ አፍንጫውን ሲጠርግ ከላይ አየሁት። እኔም ባሕር አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ ነበር የምሰማው። ሙሴ ኮርቢኖ ከመጋረጃው ጥግ ቆሟል። ሊሞዥ ያፏጨበትን ቃል ፓሪስ እያለቀሰ ሲሰማለት ልቡ ሞላ።

አፏጨ። አንድ ረጅም።

ለቀቅኩ።

ሊዮንቲን «አንተ ባሕር፣ ባሌን መልስ» ባለችበት ቅጽበት ደመናው ባርናቤን ተሸክሞ ወርዶ ከፊቷ ቆመ። ሰውዬው ዘውዱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል፣ አንገቱ ላይ ናፕኪን አስሯል፣ ቋሊማው አፉ ውስጥ ነው። ስምንት መቶ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ሊዮንቲን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እኔ የለመንኩት ባሕሩን ነው። አንተ በሰማይ በኩል ምን ታደርጋለህ?»

ባርናቤ ዋጥ አደረገ። «እራት ላይ ነበርኩ። ማን ጠራኝ?»

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ማዕበል ሲመታ የመርከቡ እንጨት እንደሚጮህ ቤቱ ጮኸ። ሥጋ ሻጩ ከነወንበሩ ወደቀ። ሙዚቀኞቹ መንፋት አቃታቸው።

ሙሴ ኮርቢኖ ግን የሰማው ሳቅ ሳይሆን ሊሞዥን ነው። ፊቱ እንደ አይብ ነጥቶ «ማነው ያወረደው?» አለ። ሁሉም ወደ ላይ አየኝ።

«ፉጨት ሰማሁ» አልኩ።

«ማን አፏጨ?» አለ የመድረኩ አለቃ።

ሙሴ ኮርቢኖ ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እሱ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እንዳወቅኩም አውቋል።

«ማንም አላፏጨም። ጠጥቷል ይሄ» አለ አለቃው።

ሙሴ ኮርቢኖ ዝም አለ። በቃ፣ ዝም አለ። አሥራ አምስት ቀን ከሥራ ታገድኩ። ሥራ ላይ አንድ ቀን ጠጥቼ አላውቅም። ከሥራ በኋላ ሌላ ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ጋዜጦቹ ሁሉ ስለ ደመናው ጻፉ። ስመለስ ባርናቤ በየቀኑ በትእዛዝ ይወርዳል፤ ሰልፉ በር ላይ ያለችውን ለውዝ ሻጭ አልፎ መንገዱን ይዟል። ሙሴ ኮርቢኖ ነገሩን እንዴት እንዳሰበው ተጠይቆ፣ ሉክሰምቡርግ መናፈሻ ቁጭ ብሎ ዳክዬ ሲመግብ እንደመጣለት ተናግሯል። ዳክዬዎቹ ተመሰገኑ። እኔ ደግሞ «ጠርሙስ» የሚል ስም ወጣልኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ይሄ ደመናው፣ ይሄ ጨረቃው፣ ይሄ ጠርሙስ» እያሉ ያስጎበኙታል።

ከዚያ በኋላ የሙሴ ኮርቢኖ ሥራ ሁሉ እንደዚያ ሆነ፤ ከሰማይ የሆነ ነገር ካልወረደ ተመልካቹ ቅር ይለዋል። ፒያኖ ከነተጫዋቹ አውርጃለሁ። ገላዋን የምትታጠብ ሴት ከነገንዳዋ፣ ሚኒስትር ከነጠረጴዛው አውርጃለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይላል ተረቱ፤ እኔ ላሟን አውርጃለሁ፣ መድረክ ላይ ያደረገችውንም ጠርጌያለሁ። ምልክቱን የሚሰጠኝ ራሱ ኮርቢኖ ነው፣ በፉጨቱ። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲያፏጭ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ ከምሽጋቸው ጭቃ ወጥተው እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። አንድ እጁን ያጣ ልጅ ጎረቤቱን «አንድ እጅህን አበድረኝና እናጨብጭብ» ሲለው ከላይ ሰምቻለሁ። እውነት ለመናገር ያን ሳቅ ስሰማ ቂሜን የምረሳበት ቀን ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ትዝ ይለኛል።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እኔ ነኝ ያፏጨሁት፣ ጉልቨን አልጠጣም ነበር» ብሎ በሰው ፊት እንዲናገር። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ስጠይቀው «ጉልቨን ወንድሜ፣ አሁን ማን ያምነናል? ዳክዬዎቹን እኮ ሁሉም ለመዳቸው» አለኝ። ሁለተኛ ስጠይቀው ሲጋራ ሰጠኝ፣ ትልቁን ዓይነት። ሲጋራውን አጨስኩት። ቂሙ ቀረ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሃያ ስድስት ዓመት ሞላን። ዘንድሮ ሙሴ ኮርቢኖ ጡረታ ሊወጣ ነው ተባለ። የመጨረሻው ትርኢቱ መቶኛ ቀን እሁድ ከሰዓት በኋላ ላይ ዋለ። በእኛ ልማድ ትርኢት መቶ ሲሞላ ደራሲው ከመጥረጊያ ያዡ ጀምሮ ለሁሉም እዚያው መድረክ ላይ ግብዣ ያደርጋል። ለዚያ ቀን ብቻ አንድ መዝጊያ ጨመረ፦ እሱ ራሱ ወጥቶ ተመልካቹን ይሰናበታል፣ በሰው ፊት ያፏጫል፣ ያ የጥንቱ ደመና ይወርዳል። ባርናቤ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእሱ ቦታ ሊዮንቲን ትቀመጣለች፣ ለመታሰቢያው ቋሊማ ይዛ። ሊዮንቲን ዛሬ አያት ናት፤ ደመናውን ለመሳብ አራት ሰው አስፈልጎናል፣ ከባርናቤ ጊዜ በአንድ ይበልጣል። ይህን ለእሷ አልነገርናትም።

ቅዳሜ ቤቱ ለድግሱ ዝግጅት ተዘግቶ ተለማመድን። ሙሴ ኮርቢኖ አፉን በመሐረብ ይዞ መጣ። «ፉጨቱን ለነገ እናቆየው» ብሎ በእጁ አሳየኝ። ስንፍና መሰለኝ። ለካ ጠዋት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የቀሩትን የፊት ጥርሶቹን አስነቅሎ ሰው ሠራሽ አስገብቷል። ሰው እንዳይስቅበት ደበቀ። ዕድሜውን ሁሉ ሰው እንዲስቅ የለፋ ሰው!

እሁድ መጋረጃው ተከፍቶ ብቻውን ሲወጣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ ሁለት ጣቱን ወደ አፉ ላከ።

«ፍፍፍፍ።»

ደግሞ ሞከረ። አሁን ከአየሩ ጋር ጥርሱ ወጣ። በባርኔጣው ቀለበው፤ ያ ሰው መቼም ነገር አይስተውም። አዳራሹ የትርኢቱ አካል መስሎት በሳቅ ተንፈራፈረ። ከጥግ የመድረኩ አለቃ፣ አዲሱ፣ ጋስቶን የሚባለው፣ በሁለት እጁ «ልቀቅ፣ ልቀቅ» ይለኛል።

«ልቀቀው እንጂ!» አለኝ ጓደኛዬ።

«ፉጨት አልሰማሁም» አልኩ።

ሳስበው የከረምኩት ነገር አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። ፉጨት ሰምቼ ስላወረድኩ ሰካራም የተባልኩ ሰው፣ ፉጨት ሳልሰማ ባወርድ ምን ልባል ነው?

ሊዮንቲን ከደመናው ላይ ዞር አለች። «አንተ ጉልቨን፣ አውርደኝ። ቋሊማው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።»

«ፉጨት የለም።»

«ያ የድሮው ነገር ነው?»

«እሱ ነው።»

ትንሽ አሰበች። ያን ቀን ከመጋረጃው ጥግ ማን ቆሞ እንደነበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «እንግዲያው ጠብቅ» አለችና ቋሊማውን መብላት ጀመረች።

ሙሴ ኮርቢኖ ቀና አለ። መብራቱ ፊቱ ላይ ነው፤ እኔ አይታየውም።

«ጉልቨን።»

«አቤት፣ ሙሴ ኮርቢኖ።»

ከጣሪያ ድምፅ ሲመጣ ሕዝቡ ሳቀ።

«ለምን አታወርድም?»

«ፉጨት አልሰማሁም።»

«ጥርስ የለኝም እኮ፣ ጉልቨን።»

«ያኔ ነበረዎት» አልኩት።

ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ሰው ሞኝ አይደለም፤ ቀልድ ያልሆነ ነገር ሲገባ ይሰማዋል። ሙሴ ኮርቢኖ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ይሾልካል፤ ግን መጨረሻው ወንበር ድረስ አሰማ። ያን ትምህርት ለሌላው ሲሰጥ ነው የኖረው።

«ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ይህ ደመና ያለ ጊዜው ወረደ። ያን ጊዜ ያፏጨሁት እኔ ነኝ። እመቤት ሊዮንቲን ስትዘፍን ደስ አለኝ፣ አመለጠኝ። ላይ ያለው ሰው ፉጨት ሰማ፣ ለቀቀ፤ ሥራው ነው። ውኃ እንኳ አልጠጣም ነበር። ሰካራም ሲሉት ዝም አልኩ። ሊሞዥ ላይ በፉጨት ስላባረሩኝ ሁለተኛ በገዛ ፉጨቴ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለተመሰገንኩ ዝም አልኩ።» ደግሞም ጨመረ፤ «ዳክዬዎችም አልነበሩም። ዳክዬ አልወድም።»

ከሰገነቱ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«ጉልቨን፣ ይበቃሃል?»

«ይበቃኛል። ግን ፉጨት አልሰማሁም።»

«ይሄ በቅሎ» አለ ለሕዝቡ። «ማፏጨት የሚችል አለ?»

መጀመሪያ አንድ ፉጨት መጣ፣ ከርካሹ ሰገነት፣ ረጅም። የሙሴ ኮርቢኖ ትከሻ ወደ ጆሮው ሲሰበሰብ ከላይ አየሁት፤ ሊሞዥ ገና አልለቀቀውም ነበር። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። አሮጊቶች በጣታቸው ያፏጫሉ። አንድ ፖሊስ በፊሽካው ነፋ። ማቲልድ ካፖርት ቤቷን ጥላ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ታፏጫለች። ስምንት መቶ ሰው አንድን ሽማግሌ በፍቅር አፏጨበት፤ እሱ መሐል ላይ ቆሞ ትከሻው ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ያለ ጥርስ አፉን ከፍቶ ሲስቅ አየሁ።

እኔ የምጠብቀው አንድ ፉጨት ነበር።

ለቀቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አውርጄ አላውቅም፤ ክሩ በእጄ ውስጥ እንደ ቅቤ ሄደ። ሊዮንቲን ወረደች። ቋሊማው ግማሽ ደርሷል። ሙሴ ኮርቢኖን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ዋጥ አደረገች።

«እራት ላይ ነበርኩ» አለች። «ማን ጠራኝ?»

የዚያን ሳቅ ነገር ልጽፈው አልችልም። ቃሉ የባርናቤ እንደሆነ ያወቁ ሽማግሌዎች እየሳቁ ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ መድረኩ ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ የበግ እግር ጥብስ መጣ፣ ወይን ተቀዳ። ጋስቶን በልማዱ «ጠርሙስ፣ ዳቦውን አቀብለኝ» አለኝ። ሊዮንቲን በሹካዋ እጁን መታችው። «ሙሴ ጉልቨን በል።» እኔም ሙሴ መባሉ እንደማያስፈልገኝ፣ ያችን አሥራ አምስት ቀን ግን እንዲመልሱልኝ ነገርኳቸው። ሙሴ ኮርቢኖ «ሰማይ ቤት ስንገናኝ እመልስልሃለሁ» አለ።

«እዚያም ላይ የምሆነው እኔ ነኝ» አልኩት። «ሳያፏጩ አይገቡም።»

ጋዜጣው ይህን ሁሉ ትቶ ዳክዬዎቹን ጻፈ። እኔም ተናድጄ ይህን ስጀምር ይኸው እዚህ ደረስኩ። ትናንት ግን የቤቴ በር ተንኳኳ። ሙሴ ኮርቢኖ ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፖምፖንን አስከትሎ። ጋዜጣውን ይዟል። «ዳክዬ» የሚለውን ባገኘበት ሁሉ በእርሳስ ሰርዞ ከላዩ «ጉልቨን» ብሎ ጽፎበታል። አራት ቦታ። አንዱ ቦታ ላይ፣ ጉልቨን ሉክሰምቡርግ መናፈሻ ውስጥ ዳቦ ሲፈተፈትለት ይበላል ይላል።

ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት። በቃኝ።